የድሮ ሞተር አስተማማኝ እንዲሆን፦ እንደ ፋብሪካው ይታደስ፣ የተሻሻለ ዕቃ ይግባለት፣ ዘመናዊ ነገር ይገጠምለት ወይስ ጭራሽ ይቀየር?

የቶዮታ 22አር ሞተር ተፈቶ የማየት ዕድል ካገኛችሁ የሰንሰለቱን ክዳን አንስታችሁ ውስጡን በጣታችሁ ዳብሱት። ሰንሰለቱ ላልቶ የሰነበተ ሞተር ከሆነ አልሙኒየሙ ላይ በመጋዝ የተቆረጠ የሚመስል ቦይ ታገኛላችሁ። ሰንሰለቱን መስመር የሚያስይዘው ፕላስቲክ መሪ ዕድሜው ሲገፋ ይደርቅና ይሰበራል፣ ከዛ ሰንሰለቱ ክዳኑን እየገረፈ እየገረፈ ይበላዋል፣ ከጀርባው የውሃ መተላለፊያ ስላለ ቦዩ እዛ ሲደርስ ውሃ ዘይት ውስጥ ይገባል። ባለቤቱ የሚያየው ግን ዘይቱ ነጥቶ መወፈሩን ብቻ ነው። "ጋስኬት (በቴስታታውና በብሎኩ መሀል ያለው ማሸጊያ) በልቷል" ይባላል፣ ቴስታታ (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይወርዳል፣ ጋስኬት ይቀየራል፣ ትንሽ ከተነዳ በኋላ ያው ነው፣ ምክንያቱም ጋስኬቱ ምንም አልሆነም ነበር።

ይሄን ያነሳሁት "የድሮ ሞተሬን እንዳያስቸግረኝ ምን ላድርገው" የሚል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ዕቃ ስለሆነ ነው፣ የትኛው ጋስኬት፣ የትኛው ኢግኒሽን፣ ኢንጀክሽን ልግጠም ወይ፣ ሌላ ሞተር ላስገባ ወይ ይላል። እኔ ደሞ መልሼ የምጠይቀው ሞተሩን የሚገድለው ምንድነው የሚለውን ነው። ሞተር እንዲሁ በደፈናው አያረጅም፣ እያንዳንዱ ዲዛይን የራሱ ደካማ ጎን አለው፣ የሚበላሸው ዕቃና የሚያበላሸው ነገር ደሞ ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው። ይሄ ካልተለየ ከታች የማወዳድራቸው አራቱም መንገዶች እኩል ገንዘብ ማባከኛ ናቸው።

መንገዶቹ ምን እንደሆኑ ርዕሱ ላይ አሉ። አንደኛው ሞተሩን ከፋብሪካ እንደወጣው መመለስ ነው፣ ሁለተኛው አምራቹ ራሱ ወይም ዲዛይኑን ተረክቦ የቀጠለው ሰው ኋላ ላይ ያሻሻለውን ዕቃ ወደ ቀድሞው ሞተር ማምጣት፣ ሶስተኛው ሞተሩ ሲሰራ ያልነበረ ዘመናዊ ነገር መግጠም፣ አራተኛው ሞተሩን አውጥቶ ሌላ ማስገባት። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ።

እንደነበረ መመለስ

ብዙ ሰው ይሄን ይንቀዋል፣ "ያው ችግሩ ይመለሳል" ይላል። ሁልጊዜ ግን እውነት አይደለም። ለዚህ የምወደው ምሳሌ ትራያምፍ ስታግ ነው፣ ከ1970 እስከ 1977 የተሰራ ክፍት መኪና፣ ባለ 3 ሊትር ቪ8 ሞተር ያለው፣ ብሎኩ ብረት ቴስታታው አልሙኒየም። በመጋል ስሙ ጠፍቶ ነበር። የውሃ ፓምፑ ከላይ በሁለቱ ቴስታታዎች መሀል ነው የተቀመጠው፣ ስለዚህ ውሃው ትንሽ ሲጎድል መጀመሪያ አየር የሚስበው ፓምፑ ነው፣ አየር ከሳበ ደሞ ውሃ አያዞርም፣ ውሃ ካልዞረ ቴስታታው ይጣመማል፣ በቃ እንዲህ እየተያያዘ ይሄዳል። ብዙ ባለቤቶች ታክቷቸው የሮቨር ቪ8 አስገቡበት።

ቆይቶ ግን ዋናውን ሞተር ይዘው የቆዩት ሰዎች የደረሱበት ነገር አለ። ከችግሩ ብዙው የዲዛይን ሳይሆን የአሰራርና የአያያዝ ነበር፣ ብሎኩ በአሸዋ ቅርጽ ሲወጣ ውስጡ የቀረ አሸዋ የውሃ መንገዱን ይዘጋ ነበር፣ ራዲያተሩ ይደፈን ነበር፣ ዝገት የሚከላከል ፈሳሽ ሳይገባ ባዶ ውሃ እየተሞላ አልሙኒየሙን ይበላው ነበር። ብሎኩ በደንብ ከታጠበ፣ ራዲያተሩ ጥሩ ከሆነ፣ ትክክለኛው ኩላንት ከገባና ሰንሰለቶቹ በጊዜያቸው ከተቀየሩ ያ የተጠላ ሞተር በሰላም ይሄዳል። አሁን ጊዜ ተገልብጦ ፈላጊው የሚመርጠው የራሱ ሞተር ያለበትን ስታግ ነው፣ ያኔ አውጥተው የጣሉት ሰዎች ምን ይሰማቸው ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ስለዚህ ችግሩ ከተራ ቸልተኝነት የመጣ ከሆነ እንደነበረ መመለስ በቂ ነው፣ ከሁሉም ርካሹና ለጥገናም ቀላሉ ነው፣ መጽሐፉ አለ፣ ልኩ አለ፣ ማንም መካኒክ ያውቀዋል። ግን እንደነበረ መመለስ ማለት ጋስኬት ቀይሮ ቀለም መቀባት አይደለም። ሲሊንደሩ ከላይም ከታችም በሁለት አቅጣጫ ይለካል፣ ክራንክሻፍቱ ይለካል፣ ቴስታታው በቀጥ ያለ ማስመሪያ ይታያል፣ ብሮንዚናዎቹ (ክራንክሻፍቱ የሚዞርባቸው ስስ የብረት መያዣዎች) ከየት በኩል እንደተበሉ ይታያል። ያልተለካ ሞተር ታደሰ አይባልም፣ ታጠበ ነው የሚባለው።

ሁለት ነገር ግን "እንደነበረ" ብትሉም እንደነበረ አይሆንም። ሞተሩ ባይቀየርም የሚጠጣው ተቀይሯል። አንደኛው ቤንዚኑ ነው። ድሮ ቤንዚን ውስጥ እርሳስ ነበር፣ ያ እርሳስ ቫልቭ መቀመጫው ላይ ስስ ሽፋን እየሰራ ይከላከልለት ነበር፣ እርሳስ ያለበት ቤንዚን ለመኪና መሸጥ በአለም ላይ ሙሉ በሙሉ ያበቃው በ2021 ነው። የብረት ቴስታታ ኖሮት የቫልቭ መቀመጫው ከራሱ ከቴስታታው የተቆረጠ ሞተር አሁን ረጅም መንገድ በፍጥነት ሲነዳ የጭስ ማውጫ ቫልቩ መቀመጫውን እየቆፈረ ይሰምጣል። ምልክቱ የቫልቭ ክፍተቱ ባስተካከላችሁት ቁጥር እየጠበበ መምጣቱ ነው፣ ዝም ካላችሁት ቫልቩ ሙሉ በሙሉ መዝጋት ያቅተውና ይቃጠላል። መፍትሄው ቴስታታው በወረደ ጊዜ ጠንካራ መቀመጫ ማስገባት ነው፣ አንዴ ብቻ። አልሙኒየም ቴስታታ ያላቸው ሞተሮች ከመጀመሪያውም ለብቻው የገባ መቀመጫ ስላላቸው ይሄ ብዙም አያሳስባቸውም። ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን የምትጠቀሙ ከሆነ ደሞ የድሮ የነዳጅ ጎማ ቱቦዎችን አትመኑ፣ ያብጣሉ ይሰነጠቃሉ፣ ይሄ የእሳት ነገር ስለሆነ ለነገ አይባልም።

ሁለተኛው ዘይቱ ነው። የድሮ ሞተሮች ብዙዎቹ ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) በጠፍጣፋ ታፔት (የእሱን ግፊት ወደ ቫልቩ የሚያደርሰው ቁራጭ) ላይ እየተፋተገ ነው የሚሰራው፣ ያንን ፍትጊያ የሚከላከለው ዘይት ውስጥ ያለው የዚንክና የፎስፈረስ ቅመም ነበር። ከ2004ቱ ኤፒአይ ኤስኤም የሚባል የሞተር ዘይት ጥራት ደረጃ ጀምሮ ቀጫጭኖቹ ዘይቶች ላይ ፎስፈረሱ ከ0.08 በመቶ እንዳይበልጥ ተደረገ፣ ለካታሊቲክ ኮንቨርተሩ ሲባል። ወፍራሞቹ እንደ 15ደብሊው-40 እና 20ደብሊው-50 ያሉት በዛ ገደብ ውስጥ አልገቡም። ስለዚህ ውድ ስለሆነ ብቻ አዲሱን ቀጭን ዘይት አሮጌ ሞተር ውስጥ መጨመር ውለታ መዋል አይደለም፣ በተለይ ካምሻፍቱ አዲስ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ናቸው ወሳኞቹ።

ከዛው ቤተሰብ የተሻሻለውን ዕቃ ማምጣት

እኔን ብትጠይቁኝ ይሄኛው ነው አሸናፊው፣ ሰው ግን ብዙም አያወራለትም ምክንያቱም ሲታይ አያምርም፣ ኮፈን ከፍታችሁ ለጓደኛ የምታሳዩት ነገር የለውም። ሀሳቡ ቀላል ነው፣ አንድ ሞተር ለ20 እና 30 ዓመት ከተሰራ አምራቹ ራሱ ስህተቱን እያየ እያረመው ነው የሄደው፣ እና የመጨረሻው ዓመት ዕቃ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ዓመት ሞተር ላይ ይገባል።

ቮልስን ውሰዱ። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሰርቶ በ2003 ሜክሲኮ ላይ ነው ያበቃው፣ በነዚህ ሁሉ ዓመታት ሞተሩ በአየር የሚቀዘቅዝ ጠፍጣፋ አራት ሲሊንደር ሆኖ ቀጠለ። የታወቀው በሽታው 3ኛው ሲሊንደር ነው። የዘይት ማቀዝቀዣው በፋኑ ቤት ውስጥ ወደዛ በኩል በሚሄደው አየር መንገድ ላይ ቆሞ ነበር፣ ስለዚህ 3ኛው ሲሊንደር የሚያገኘው አየር በዘይቱ ሙቀት የሞቀና የተጋረደ ነበር፣ የጭስ ማውጫ ቫልቩም ቀድሞ የሚሄደው የእሱ ነው። በ1971 ሞዴል ላይ ማቀዝቀዣውን ከመንገዱ አውጥተው በራሱ ትንሽ ክፍል ውስጥ አስገቡት፣ በቅርጹ ምክንያት "የውሻ ቤት" የሚሉት እሱን ነው፣ ፋኑንም ሰፋ አደረጉት። ይሄ ቀደም ያለ ሞተር ላይ ይገባል። ግን ሙሉውን ነው መግጠም፣ የፋኑ ቤት፣ ሰፊው ፋን፣ ማቀዝቀዣውና የሞቀውን አየር ወደ ውጪ የሚያስወጣው ቆርቆሮ። የፋኑን ቤት ብቻ ገጥሞ ቆርቆሮውን የተወ ሰው ሙቁን አየር መልሶ ሞተር ክፍል ውስጥ ይለቀዋል፣ ፋኑም ያንኑ ደግሞ ይስበዋል።

ዘይቱም እንደዛው። የጥንቱ ቮልስ 2.5 ሊትር ዘይት ብቻ ነው የሚይዘው፣ የዘይት ፊልትሮም አልነበረውም፣ ወንፊት ብቻ ነው ያለው። ወንፊት ጠጠር ይይዛል እንጂ ብሮንዚና የሚፍቀውን ደቃቅ ነገር አይይዝም። ፋብሪካው ራሱ ሜክሲኮ ላይ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኢንጀክሽን፣ ሃይድሮሊክ ታፔትና ትክክለኛ ፊልትሮ አስገባበት። ከነዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ፊልትሮውን ነው የምመርጠው፣ ሌላው ሁሉ ለምቾት ነው። የቫልቩ ክፍተት ደሞ ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ 0.15 ሚሊሜትር ላይ ይስተካከላል፣ የ3ኛው ጭስ ማውጫ ክፍተት ብቻውን እየጠበበ ከመጣ የቫልቩ ዘንግ እየተለጠጠ ሊሆን ይችላል፣ ተሰብሮ ፒስተኑን ሳይበሳ በፊት ቴስታታውን አውርዱት።

ሁለተኛው ምሳሌ የእንግሊዙ ሮቨር ኬ ሲሪስ ሞተር ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም "ጋስኬት ይበላል" ተብሎ እንዲህ የተሰደበ ሞተር ብዙ አላውቅም። በ1988 ሲወጣ የሚገርም ዲዛይን ነበር፣ ቀላል፣ አልሙኒየም፣ 10 ረጃጅም ቡሎኖች ከቴስታታው ገብተው ብሎኩን አልፈው ከታች ያለው ሀዲድ ላይ የሚታሰሩ፣ ማለትም ሞተሩ በሙሉ በ10 ቡሎን እንደ ሳንድዊች የተያዘ። መጀመሪያ ትንንሽ ሞተር ነበር፣ ኋላ ወደ 1.6 እና 1.8 ሊትር ሲያድግ ነው ስሙ የጠፋው።

ሰው ሁሉ ጋስኬቱን ይረግማል፣ ጋስኬቱ ግን ተጎጂ ነው። ቴስታታውን ከብሎኩ ጋር የሚያስተካክሉት ፒኖች ፕላስቲክ ነበሩ፣ ስለዚህ ሞተሩ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ቴስታታው ጥቂት ወደጎን ይንሸራተት ነበር፣ ጋስኬቱ ላይ ያለው የጎማ መስመር ደሞ በዛ እንቅስቃሴ ይላጣል። ቴርሞስታቱ (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ መንገድ የሚከፍተው) በመግቢያው በኩል ስለሆነ ሲከፈት ቀዝቃዛው ውሃ በአንዴ ወደ ጋለው ሞተር ይገባል። የሚይዘው ውሃ ትንሽ ስለሆነ ደሞ ጥቂት መጉደሉ ብዙ ነው፣ ባለቤቱ ሳያውቅ ሞተሩ ይግላል። ማስተካከያዎቹ ቀስ በቀስ መጡ፣ ፕላስቲኩ ፒን በብረት ተተካ፣ ግፊት ሲያገኝ ከፈት እያለ ቀዝቃዛውን ውሃ ቀስ አድርጎ የሚያስገባ ቴርሞስታት መጣ፣ ከዛ ብዙ ንብርብር ያለው የብረት ጋስኬትና ጠንከር ያለ የታችኛው ሀዲድ መጡ። ኤምጂ ሮቨር በ2005 ከወደቀ በኋላም ዲዛይኑን የገዙት ቻይናዎች ማሻሻሉን ቀጠሉበት።

እዚህ ላይ "የብረቱን ጋስኬት ልግጠም ወይስ ባለጎማውን?" የሚለው ጥያቄ ይመጣል፣ ሌላ ሞተር ያላችሁም ስሙት ምክንያቱም ሁሉም ጋር ይነሳል። የብረት ንብርብር ጋስኬት የተሻለ ነው የሚለው ግማሽ እውነት ነው። እሱ የሚፈልገው በጣም ለስላሳ ፊት ነው፣ ሸካራነቱ ወደ 0.8 ማይክሮን ወይም ከዛ በታች፣ የድሮው ለስለስ ያለ ጋስኬት ግን የዛን እጥፍ ሸካራነት ይችላል። ቴስታታው በአሮጌ ማሽን ተልጦ የመስመር ምልክት ጥፍር ላይ የሚሰማ ከሆነ ውዱ ጋስኬት ከርካሹ ቀድሞ ያፈሳል። ኬ ሲሪስ ላይ ደሞ ተጨማሪ ነገር አለ፣ ላይነሮቹ (ፒስተኑ የሚሄድባቸው ቱቦዎች) ከብሎኩ ፊት ትንሽ ከፍ ብለው መቆም አለባቸው፣ ሰምጠው ከሆነ ጋስኬቱ የሚጫነው ነገር ስለሌለ ምንም አይነት ጋስኬት አያድነውም። ስለዚህ የኔ ምርጫ፦ ፊቱ በደንብ ከተሰራ፣ ላይነሩ ተለክቶ ትክክል ከሆነና ሀዲዱ አብሮ ከተቀየረ ብረቱ፤ ካልሆነ ጥሩ ባለጎማ ጋስኬት፣ የብረት ፒንና አዲስ ቡሎን። ከሁለቱም በፊት ግን ራዲያተሩ፣ ቱቦዎቹና ውሃ መጉደሉን የሚናገር አንድ መብራት። ሞተሩ ሁለተኛ ካልጋለ የትኛውም ጋስኬት ይበቃዋል።

ዘመናዊ ነገር መግጠም

እዚህ ላይ ሰው ይሳሳታል፣ እኔም ተሳስቻለሁ። በአሮጌው መኪናዬ ላይ ፑንቲናውን (እየተከፈተና እየተዘጋ የካንዴላውን እሳት የሚያስነሳው መገናኛ) አውጥቼ የኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽን ገጠምኩ፣ ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ሞጁል ናት፣ ሁለት ገመድ፣ ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ስራ። መኪናው ሌላ ሆነ፣ ጠዋት በመጀመሪያው ይነሳል፣ አይንቀጠቀጥም። ከወራት በኋላ አንድ ማታ ሬዲዮ ልሰማ ብዬ ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ከፍቼው ቁጭ አልኩ፣ እረጅም ሰዓት። ሞጁሏ በዛው ተቃጥላ ሞተች። መመሪያው ላይ "ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ከፍታችሁ አትተዉ" ይል ነበር እኮ፣ አላነበብኩትም። ያዳነኝ የድሮውን ፑንቲና ከነኮንደንሰሩ በጨርቅ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ መጣሌ ነው፣ በስልክ መብራት መልሼ ገጠምኩት፣ ክፍተቱን በግምት ወደ 0.4 ሚሊሜትር አድርጌ፣ እያነከሰም ቢሆን ቤቴ ገባሁ።

ከዛ የተማርኩት ልዩነቱን ነው። ፑንቲና ቀስ እያለ ነው የሚበላሸው፣ ክፍተቱ ይጠብባል፣ እሳቱ ይዘገያል፣ መኪናው ይደክማል፣ ግን ይነግራችኋል፣ መንገድ ላይም በአሸዋ ወረቀት ይታደሳል። ኤሌክትሮኒኩ አያረጅም፣ ሳያስጠነቅቅ ግን በአንዴ ይሞታል። ለየቀኑ መንዳት አሁንም ኤሌክትሮኒኩን ነው የምመርጠው፣ ከሚስማማው ቦቢና ጋር፣ ፑንቲናው ግን ከመኪናው አይውረድ።

ከካርቡራቶር ወደ ኢንጀክሽን መቀየር ትልቅ ውሳኔ ነው፣ እንደ ኢግኒሽኑ አይደለም። ጥቅሙ እውነት ነው፣ ድብልቁ በብርድም በሙቀትም በከፍታም ትክክል ይሆናል፣ ካርቡራቶር ቾክ ላይ ሲቆይ የሚያፈሰው ቤንዚን የሲሊንደሩን ዘይት ማጠቡ ስለሚቀር ፋሻውም ይድናል። ግን የሚጠይቀውን አስቡት፣ ወደ 3 ባር የሚደርስ ግፊት የሚችል ፓምፕና ቱቦ፣ ብዙ ጊዜ የመመለሻ መስመር፣ ጭስ ማውጫው ላይ የኦክስጅን ሴንሰር፣ ንጹህ ታንክ፣ ጥሩ ጀነሬተር፣ ከሁሉም በላይ ጥሩ የኤሌክትሪክ መሬት፣ ማለትም ሽቦው ከመኪናው አካል ጋር በደንብ የተያያዘ። የ40 ዓመት ሽቦ ላይ ኮምፒውተር ማሰር ማለት የሽቦውን ችግር ሁሉ ኮምፒውተሩ እንዲያወራው ማድረግ ነው። መኪናውን በየቀኑ የምትነዱ ከሆነና የሽቦ ካርታ ማንበብ የምትችሉ ከሆነ ግቡበት፣ እሁድ እሁድ የምትነዱት ከሆነ ካርቡራቶሩን አሳድሱትና ተዉት።

ማቀዝቀዣው ላይ ደሞ ሁለት የታወቁ "ማሻሻያዎች" አሉ፣ ሁለቱንም አልወዳቸውም። አንዱ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነው። ሞተሩ ለብ ብሎ ይቀራል፣ ዘይቱ ውስጥ ውሃና ቤንዚን ይጠራቀማል፣ መበላቱ ይፈጥናል። አንዳንድ ሞተር ላይ ደሞ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ራዲያተሩን የሚያልፈውን አጭር መንገድ የሚዘጋው እራሱ ነው፣ አውጥታችሁ ስትጥሉት አጭሩ መንገድ ክፍት ይቀርና ሞተሩ ጭራሽ ይግላል፣ ሰውየው ደሞ ግራ ይገባዋል። ሌላኛው ጠንካራ የራዲያተር ክዳን መግጠም ነው። አንድ ባር ግፊት ውሃ የሚፈላበትን ወደ 120 ዲግሪ ያደርሰዋል፣ ጥሩ ነው፣ ግን ራዲያተሩና የማሞቂያው ቱቦ ለግማሹ ከተሰሩ ክዳኑ ሲጠነክር የሚፈነዳው ሌላ ቦታ ነው። የኤሌክትሪክ ፋን የሚገጥም ሰውም ሪሌና ፊውዙን በትክክል ካላደረገ በቀጥታ በሞተሩ የሚዞረው ፋን ይሻለዋል፣ ያ ፋን ፊውዝ የለውም እኮ።

ዘመናዊ ዕቃ በትክክል ቦታውን ያገኘበትን ልንገራችሁ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ እስከ 2008 የነበሩት የፖርሽ ቦክስተርና የአብዛኞቹ 911 በውሃ የሚቀዘቅዙ ሞተሮች መሀል ላይ ካምሻፍቶቹን የሚያዞር ረዳት ዘንግ አላቸው፣ የዛ ዘንግ ኩሺኔታ ደሞ የታሸገ ነው፣ ውስጡ የገባው ግሪስ ከጊዜ በኋላ ታጥቦ ያልቃል፣ ከዛ ኩሺኔታው ይፈርሳል፣ ሞተሩም አብሮ። ሰዎች በሴራሚክ ኳስ የሚሰራ ወይም ከሞተሩ ዘይት የሚያገኝ ተራ ቡሽ ሰሩለት። ፋብሪካው ለ2009 ሞዴል አዲስ ሞተር ሲያወጣ ዘንጉን ጭራሽ አስቀረው። እዚህ ላይ ችግሩ አንድ ነው፣ ቦታው ይታወቃል፣ መፍትሄውም ያንኑ ነው የሚነካው። ከመግጠማችሁ በፊት ግን የዘይት ፊልትሮውን ቆርጣችሁ ዘርጉት፣ የሚያብለጨልጭ ብረት ካለበት ኩሺኔታው መፍረስ ጀምሯል፣ ብናኙም ሞተሩን ዞሯል፣ አዲስ ዕቃ እዛ ላይ መግጠም ለሞተ ሰው ክትባት ነው።

ሞተሩን መቀየር

ይሄኛው ለጆሮ ይጥማል። "አውጥተህ ጣለውና አዲሱን አስገባ።" እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ ብሎኩ ራሱ ሲሆን በሽታው፣ ወይም ዕቃው ከምድር ገጽ ሲጠፋ። የሼቭሮሌት ቬጋ የ1970ዎቹ ሞተር ለምሳሌ ብሎኩ ያለላይነር አልሙኒየም ነበር፣ ፒስተኑ በቀጥታ እሱ ላይ ነው የሚሄደው፣ ቴስታታው ደሞ ከባድ ብረት። አንዴ ከጋለ ሲሊንደሩ ይቧጨራል፣ ዘይት መብላት ይጀምራል። እንዲህ ያለውን በጋስኬትና በኢግኒሽን አታድኑትም። ግን እሱም ቢሆን ብዙ ሰው ብሎኩን አስቦርቦ የብረት ላይነር አስገብቶበት አትርፎታል፣ ስለዚህ የመጨረሻው ነው የተባለውም የመጨረሻው አልነበረም።

የሞተር ቅየራ ችግሩ ሞተሩ ላይ አይደለም፣ መገጣጠሚያው ላይ ነው። አዲሱ ሞተር ጥሩ ነው እንበል፣ ግን ማቀፊያው በእጅ የተበየደ ነው፣ ካምቢዮው ጋር የሚያያይዘው በልክ የተሰራ ነው፣ ራዲያተሩ ከሌላ መኪና ነው፣ የጋዝ ኬብሉ ከሌላ፣ ሽቦው የሶስት መኪና ቅልቅል ነው። አንድ ቀን ሲቆም ማን መጽሐፍ ይከፍታል፣ መጽሐፍ የለውም። ሰርቶ የገጠመው ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው፣ እሱ ስልክ ካላነሳ አለቀ። ፍሬኑና ሰስፔንሽኑ ለአዲሱ ክብደትና ጉልበት ይበቃሉ ወይ የሚለውም አለ፣ ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥርም አለ፣ ህጉ ከአገር አገር ይለያያልና ሞተሩን ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለዚህ ነው።

ከቀየራችሁ ደሞ ከቤተሰቡ ቀይሩ። ያው ማቀፊያ፣ ያው ካምቢዮ፣ ያው የፍሪሲዮን መጠን፣ ግን ዘግየት ያለ ዓመት። ይሄ በትክክል ካየነው ሁለተኛው መንገድ ነው፣ በትልቁ ስለተሰራ ብቻ ቅየራ ይባላል።

ታዲያ የቱ?

ጠረጴዛ ሰርቼ ኮከብ አልሰጥም፣ ምክንያቱም መልሱ በሶስት ነገር ይለዋወጣል። ሞተሩ ለምን ተበላሸ? በቸልተኝነት ከሆነ አንደኛው። በታወቀ የዲዛይን ድክመት ከሆነና አምራቹ ኋላ አርሞት ከነበረ ሁለተኛው፣ ሳያርመው ቀርቶ ሌላ ሰው ካረመው ሶስተኛው። ብሎኩ ከሄደ አራተኛው። ቀጥሎ፣ መንገድ ላይ ሲቆም ማን ነው የሚጠግነው? እናንተ ራሳችሁ ከሆናችሁ ቀስ ብሎ የሚበላሸውን ዕቃ ምረጡ፣ ሁልጊዜ እርዳታ ቅርብ ከሆነ የማያረጀውን። ሶስተኛው፣ በአንዴ ስንት ነገር ነው የምትቀይሩት? ኢግኒሽን፣ ካርቡራቶርና ማቀዝቀዣውን በአንድ ቅዳሜ የቀየረ ሰው ሰኞ ሞተሩ ሲጎረብጠው ከየት እንደመጣ አያውቅም። አንድ ነገር ቀይሩ፣ 500 ኪሎ ሜትር ንዱ፣ ካንዴላዎቹን አውጥታችሁ ቀለማቸውን እዩ፣ ከዛ ቀጣዩን።

ወደ 22አሩ ልመለስ፣ ምክንያቱም መልሱ ላይ የሚጣሉበት እሱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ባለ ድርብ ሰንሰለት ነበሩ፣ በ1980ዎቹ ወደ ነጠላ ተቀየሩ። አንዱ ወገን "ድርቡን መልሰህ ግጠም" ይላል፣ ሌላው "ነጠላውን ተወው፣ ፕላስቲኩን መሪ ብቻ ጀርባው ብረት በሆነው ቀይር" ይላል። እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ፣ የሚሰበረው መሪው እንጂ ሰንሰለቱ አይደለማ። ክዳኑ ከተበላ በአዲስ ቀይሩት፣ የውጥረት ማስተካከያውንም አብራችሁ፣ እና የዘይት ቋቱን ሳታወርዱ እንዳትዘጉት፣ የተሰበረው ፕላስቲክ ወርዶ የሚቀመጠው እዛ ነው፣ የዘይት ፓምፑ መሳቢያ ወንፊት ስር። ስብርባሪውን ሰብስባችሁ ጠረጴዛ ላይ እንደ እንቆቅልሽ ግጠሙት። አንድ ቁራጭ ከጎደለ ገና ሞተሩ ውስጥ ነው፣ እስክታገኙት ፈልጉ።